የአባባ ልስን

ኅዳር 12

ይድረስ ለወንድሜ ለኩይሴ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። አባባም ደህና ናቸው፤ ይህን የጻፍኩት አንተ ስላልጠየቅከኝ ነው። ደብዳቤህን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ግድግዳው እርጥበት ይዟል ወይ፣ ጠዋት ሲነኩት ይቀዘቅዛል ወይ፣ ጥጉ ላይ ሻጋታ አለ ወይ ትላለህ። ሰውየው እንዴት ናቸው የሚል ፈልጌ አጣሁ። ኋላ ነው ከታች በኩል «አባባን ሳሚልኝ» የምትለዋን ያገኘኋት፤ እሷንም ወረቀቱ ተርፎህ የጻፍካት ትመስላለች። ለማንኛውም ስሜልሃለሁ።

ለጥያቄህ እንግዲህ፣ ግድግዳህ ደህና ነው። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያህን እንዳልከኝ ከአልጋቸው ራስጌ ሰቅዬዋለሁ፤ ወደ ፋብሪካ ከመውጣቴ በፊት እያየሁ የጻፍኩትን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ከእውነት ጋር አልጣላም፣ ክፍሉ ጥሩ ነው። ውጭው ሲያቃጥል ውስጡ ቀዝቀዝ ይላል፣ ሲበርድም አያንቀጠቅጥም። የአባባ ሳል ከድሮው ክፍላቸው ይልቅ እዚህ ቀንሷል። ዕድሜ ልኩን የሲሚንቶና የኖራ ብናኝ ሲምግ የኖረ ደረት በምን ይድናል ብዬ ነበር፤ ነርሷ ጎረቤታችን ግን ደረታቸውን አዳምጣ «ቤቱ ተስማምቷቸዋል» አለችኝ። ይህን ሳልነግርህ ብቀር ግፍ ይሆንብኛል።

ችግሩ አባባ ክፍሉን አልወደዱትም። «ይሄ ልጅ ቤቱን መቼ ነው የሚጨርሰው?» ይሉኛል። አልቋል እኮ ስላቸው ይቆጣሉ። ልስን የሌለው ግድግዳ ሸሚዝ ሳይለብስ የመጣ ሙሽራ ነው ይላሉ። ምን ታደርጋቸዋለህ፣ ሰውየው በዚህ ከተማ ስንቱን ግድግዳ እንደ እንቁላል አለስልሰው ያስረከቡ ለሳኝ ናቸው። ዛሬ ጡረታ ወጥተው፣ የገዛ ልጃቸው በሠራላቸው ቤት፣ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ጡብ እያዩ ይውላሉ።

ጡረተኛው ሹፌር ደግሞ ታውቀዋለህ፣ አፉ ልጓም የለውም። ባለፈው ሊጠይቃቸው መጥቶ «ልጅህ ተምሮ ተምሮ ወንፊት ሠራልህ?» አላቸው። አባባ አብረውት ሳቁ። እሱ ከሄደ በኋላ ግን ራታቸውን ሳይነኩ መለሱልኝ። እኔ ስፖንጅ ፋብሪካ የምሠራ ሰው ስለሆንኩ ቀዳዳ አይገርመኝም፤ የእኛ ፍራሽም አየርና ቀዳዳ ነው። ልዩነቱ የእኛን ጨርቅ እናለብሰዋለን። እናም ልጠይቅህ፣ ትንሽ ቢለሰን ምን ይሆናል?

እህትህ

ታኅሣሥ 3

ይድረስ ለእትዬ፣

ምላስሽ አሁንም እንዳልደነዘዘ አይቼ ደስ አለኝ። ስለ አባባ ሳልጠይቅ በመጻፌ አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ። እዚህ የምርምር ተቋሙ ሥራ ራስ ያስታል። ግን ስለ ግድግዳው ስጠይቅሽ ስለሳቸው የጠየቅሁ እየመሰለኝ ነው፤ የሠራሁት ለማን ሆነና?

አይለሰንም እትዬ። አንድ ማንኪያ ጀሶ እንኳ እንዳይነካው። እስቲ ላስረዳሽ። ልጅ ሆነን ከሰፈራችን ጀርባ ኩይሳ ሥር ተቀምጬ ስውል «ኩይሴ» ብለሽ ስም ያወጣሽልኝ አንቺ ነሽ። ኩይሳን ከውጭ ስታዪው ድፍን አፈር ነው። እዚህ ከባልደረቦቼ ጋር ጀሶ አቅጥነን በአንዱ አናት አፈሰስንበትና ሲደርቅ አፈሩን አጠብነው፤ የቀረው ጀሶ የምስጡን መንገድ ሁሉ አሳየን። መሀሉ ላይ ክንድ የሚያስገባ መተላለፊያ አለ። ወደ ዳር ሲሄድ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ፣ ግድግዳው ጋ ሲደርስ ዓይን የማያየው ሽንቁር ይሆናል። በዚያ ነው የታመቀው አየር ወጥቶ ንጹሑ የሚገባው። ምስጥ መስኮት የለውም፤ ቤቱ በገላው ይተነፍሳል።

እኛም ጭቃው ውስጥ ወፍራምና ቀጭን ቃጫ ደባልቀን ጡብ እንሠራለን። ምድጃ ውስጥ ቃጫው ይቃጠላል፣ መንገዱ ይቀራል። ከአልጋቸው ፊት ለፊት ያለው ረጅሙ ግድግዳ ሙሉ በሙሉ ከዚያ ጡብ የተሠራ ነው። ከለሰናችሁት አፍንጫውን ደፈናችሁት ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህን ለአንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ። የደረት ሕመምተኞች የሚተኙበት ሆስፒታል በዚህ ጡብ ይሠራ አይሠራ ለመወሰን ከተቋማችን ሰዎች ይመጣሉ። ከዝናቡ በፊት ነው የሚደርሱት። በላቦራቶሪ የሠራነው ሞልቷል። የታመመ ሰው የሚኖርበት ክፍል ግን አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የአባባ። የስንት ዓመት ልፋቴ በዚያች ክፍል ላይ ነው የቆመው። ለአባባ ቤቱ አልቋል፣ መጨረሻው ይሄ ነው በያቸው። ዘንድሮ ለእረፍት መምጣት ያልቻልኩትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ አትቀየሚኝ።

ወንድምሽ

የካቲት 20

ይድረስ ለወንድሜ፣

ደህና ነን። ብርዱ ለቋል። አዲስ አለቃ መጥቶብን ፋብሪካው ውስጥ ማታ ማታ እያስመሸን ነው፤ መልስ ያዘገየሁትም በሱ ነው በልልኝ።

የመሣሪያውን ንባብ ለምን አልላክሽም ላልከው፣ ሲደርስ እልካለሁ። ደጋግመህ ስለ ግድግዳው ምነው ዝም አልሽ ብለሃል። ዛሬ ስለ ግድግዳው አትጠይቀኝ። የማልዋሽህ ሰው ስለሆንክ ዝም ማለት ይሻለኛል፤ ለጊዜው ሆድ ይፍጀው።

አባባ ሰላም ይሉሃል። ይስቃሉ። ይህን ግን በደንብ አንብበው፤ በጣም ይስቃሉ።

እህትህ

መጋቢት 6

እትዬ፣

ስለ አባባ ደረት ለነርሷ ጽፌላት ነበር፤ መልሷ ትናንት መጣ። ሳሉ ብሶባቸዋል ትላለች። ከታች ደግሞ «ግድግዳው ግን እንዴት አምሮበታል» ብላ ጽፋልኛለች።

የእኔ ግድግዳ አያምርም እትዬ። ምን አደረጋችሁት?

ወንድምሽ

መጋቢት 22

ይድረስ ለወንድሜ፣

እሺ፣ ስማ እንግዲህ።

በዚያ በምናመሽበት ሰሞን አንድ ቀን ስገባ ግድግዳው ላይ አንሶላ ተሰቅሏል። ምንድነው ብላቸው «ቀዳዳው ብርድ ያስገባብኛል» አሉኝ። የታመመ ሰው ነው፣ አመንኩ። አንሶላው ሳምንት ሙሉ አልወረደም። ጠዋት ስወጣ ተኝተው፣ ማታ ስገባ ተኝተው ነው የማገኛቸው። ጥፍራቸው ሥር ነጭ ነገር አይቼ ነበር፤ መድኃኒት ነው ብዬ አለፍኩት። ሞኝነቴን ተመልከትልኝ፤ የለሳኝ ልጅ ሆኜ ጀሶ አላወቅሁም።

ለካ ጡረተኛው ሹፌር በጋሪ አሸዋ፣ ሲሚንቶና ጀሶ እያስገባላቸው ኖሯል። እኔ ስወጣ ይመጣል፣ እሱ ያቦካል፣ እሳቸው ይለስናሉ። ሁለት ሽማግሌ እንደ ሕፃን ተማክረው! ታችኛውን ቆመው፣ መሀሉን ወንበር ላይ ሆነው፣ አናቱን ደግሞ አልጋው ላይ ወጥተው፣ ያውም ከነጫማቸው። በዚያ ደረት! በየመሀሉ እየተቀመጡ ሲያስሉ «ይቅርብህ» ብሏቸው እንደነበር ሹፌሩ ራሱ ነግሮኛል። እምቢ ብለዋል።

አንሶላውን ያወረዱት እኔ ባለሁበት ነው። ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ዘጋሁት። እናታችን ካረፈች ወዲህ እንደዚያ ያለ ፊት አላየሁባቸውም። «መብራቱን አምጪና ከጎን ያዢልኝ» አሉኝ። ትዝ ይልሃል? ልስን ከፊት አይታይም፤ መብራት ከጎን ሲያዝበት ጉብታ ካለው ጥላ ይጥላል። ከጥግ እስከ ጥግ ይዤላቸው ሄድኩ።

«ጥላ አለው?» አሉኝ።

«የለውም አባባ።»

አልጋቸው ላይ ቁጭ አሉና እጃቸውን ገልብጠው አዩት። ለራሳቸው ነው የተናገሩት፤ «አልሞተም» አሉ። ያን ሌሊት አንዴም ሳይጠሩኝ አድረዋል።

አሁን መናገር የምጠላውን ልንገርህ፤ አንተ ትክክል ነህ። ግድግዳው ያልበዋል። ጠዋት ስነካው እጄ ይረጥባል፤ ከአልጋቸው ግርጌ ጥቁር ነገር ጀማምሮታል። ሳሉም ተመልሷል፣ ጨምሮም መጥቷል። እኔ ዓይን የሌለኝ ሰው አይደለሁም። ጥጉን ትንሽ ልፋቀው ብዬ ብለምናቸው «አዲስ ልስን ነው፣ ሲደርቅ ይተዋል» አሉ። ሁለተኛ ስለምናቸው «እኔ ስሞት የፈለግሽውን አድርጊ» አሉኝ። ሌላ ክፍል እንቀይር ብላቸውም ወይ ፍንክች። ይህን ግድግዳ ሳላይ አላድርም ይላሉ።

አንተ ብትመጣ ይሰሙህ ነበር። እኔ ለሳቸው ገና ያቺው ሲለስኑ ባልዲ የማቀብላቸው ልጅ ነኝ። ለአንድ ቀን እንኳ ቢሆን ና።

እህትህ

ሚያዝያ 8

ይድረስ ለእትዬ፣

ሆስፒታል መግባታቸውን የነገርሽኝ ደብዳቤ ትናንት ደረሰኝ። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ኦክስጅን ተደርጎላቸው ትንሽ ተሽሏቸዋል ማለትሽ አጽናናኝ። መምጣት እንዴት እንደምፈልግ ፈጣሪ ያውቃል። ግን ሰዎቹ በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ እንደሚመጡ ተቆርጧል፤ እኔ ደግሞ የላቦራቶሪውን ውጤት እዚህ ሆኜ ማስረከብ አለብኝ። ጥዬ ብመጣ ሁሉም ነገር ይበላሻል።

እትዬ፣ አፈር ስሆን አንድ ነገር አድርጊልኝ። ልስኑን ፋቂው። አሁን እሳቸው ቤት ስለሌሉ ጥሩ አጋጣሚ ነው። ሰው መቅጠር ትችያለሽ። ቀዳዳዎቹ ውስጥ የገባውን በሽቦ ብሩሽ ማውጣት አለባችሁ፤ ካልሆነ አይተነፍስም። ሰዎቹ መጥተው የተለሰነ ግድግዳ ካዩ አለቀልኝ። «የገዛ አባቱ ያልተቀበለውን ነገር ለሆስፒታል ሊሸጥልን ነው» ይላሉ። ለደረታቸውም የሚሻለው ይኸው ነው፤ አንቺው ራስሽ ያልበዋል ብለሻል።

ከጠየቁሽ የእኔን ስም አታንሺ። ከሩቅ ሆኜ ሥራቸውን አስፈረስኩ ብለው እንዲያዝኑብኝ አልፈልግም። ስመጣ እግራቸው ላይ ወድቄ እኔው አስረዳቸዋለሁ። እስከዚያ ድረስ ሸፍኚኝ።

ወንድምሽ

ግንቦት 2

ይድረስ ለወንድሜ፣

ተፍቋል።

ሰው አልቀጠርኩም። የእሳቸውን ሥራ የባዕድ መዶሻ እንዲነካው አልፈለግሁም፤ ከፋብሪካው ፈቃድ ጠይቄ ራሴ ገባሁበት። ኩይሴ፣ እንዴት ያለ ልስን መሰለህ! አልወርድም አለኝ። የታመመ ሰው የለሰነው ነው፣ በቶሎ ይረግፋል ብዬ ነበር፤ መሮው ይነጥር ጀመር። ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ በተገላገልኩ። ላብ ያጠቆረው ቦታ እንኳ ሲመታ እንደ ደህና ዕቃ ይጮሃል። ሹፌሩ ድምፁን ሰምቶ መጣና በር ላይ ቆመ። ይቀልዳል ብዬ ጠበቅሁት። ባርኔጣውን አውልቆ አየኝና ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሰላም አይለኝም።

ባለፈው ደብዳቤህ ውስጥ ሰዎቹ ቀድመው፣ የአባባ ደረት ተከትሎ መምጣቱን ያላየሁ እንዳይመስልህ። ግን ደረታቸውም እውነት ነው። ስፍቅ የነበረው ለየትኛው እንደሆነ አሁንም ራሴን እጠይቃለሁ።

እንግዶችህ ትናንት መጥተው ነበር። አለቃቸው ሴት ናት፣ መሐንዲስ፤ ትሕትና ያላት ሰው ናት። ግድግዳውን በጣቷ እየዳሰሰች «እዚህ ጡብ ላይ ነጭ ነገር አለ፣ ምንድነው?» አለችኝ። ኖራ ነው አልኳት። ለካ መዋሸት እችላለሁ። ሕመምተኛው ተሽሏቸዋል ወይ ስትለኝ፣ ገና የገቡ ሰሞን ተሽሏቸው ነበር አልኩ፤ ይኼ እውነት ነው። የት ናቸው ስትል ሆስፒታል አልኳት። ብዕሯን ዘጋች፣ ብዙም አልጠየቀችኝም። ሲወጡ ግን እርስ በርስ ሲነጋገሩ ሰምቻለሁ፤ ወደውታል። እንኳን ደስ አለህ።

አባባ ነገ ይወጣሉ። ምን ልበላቸው ብዬ አልጠይቅህም፤ መልስህ ከሳቸው በኋላ ነው የሚደርሰው። አይዞህ፣ ስምህን አላነሳም።

እህትህ

ሰኔ 25

እትዬ፣ እህቴ፣

መርዶው የደረሰኝ ከስብሰባ ስወጣ ነው። ቀብሩ አልፏል አሉኝ። ምን ብዬ እንደምጽፍልሽ አላውቅም። ብቻሽን እንዴት ቻልሽው? አፈር ማልበስ እንኳ ሳልችል ቀረሁ። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ይማር።

ጡቡ ተቀባይነት አግኝቷል። ሆስፒታሉ በሱ ይሠራል። እዚህ ሁሉም እጄን ይጨብጡኛል፤ ለደስታው ይሁን ለኀዘኑ አልለየውም። ሰዎቹ የአባባን ፎቶ ክፍላቸው ውስጥ የተነሱት ካለ ብለው ጠይቀውኛል፤ ሕንፃው መግቢያ ላይ ሊያደርጉት ነው። ካለ ላኪልኝ።

አንድ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል። ግድግዳውን ሲያዩ ምን አሉ? ስለ እኔስ? በመጨረሻ ስሜን ጠርተዋል? መርቀውኛል? እውነቱን ንገሪኝ፤ የፈለገውን ይሁን፣ እችለዋለሁ።

ወንድምሽ

ሐምሌ 14

ይድረስ ለወንድሜ፣

እውነቱን ንገሪኝ ብለሃል፤ እነግርሃለሁ።

ከሆስፒታል ስንመለስ በሹፌሩ ትከሻ ተደግፈው ነበር። በሩ ላይ ቆሙ። ሮጬ መብራቱን ላጠፋው ሁሉ ከጅሎኝ ነበር። ገቡና እጃቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ፤ ጣታቸውን ቀዳዳው ውስጥ ከተቱት። «ማነው?» አሉ። እኔ ነኝ አልኳቸው። ለምን አሉኝ፤ ያልበው ነበር፣ ለደረትዎ ብዬ ነው አልኩ። ማን አዘዘሽ ግን አላሉኝም። ቢሉኝ ምን እንደምል አስቤበት ነበር።

አልጋቸውን አዙሩልኝ አሉና ጀርባቸውን ለግድግዳህ ሰጡት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግቡንም መድኃኒቱንም ከነርሷ እጅ እንጂ ከእኔ እጅ አልወሰዱም። ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር። «ደህና አደሩ አባባ» ስላቸው «እግዜር ይመስገን» ይሉኛል፣ ልክ መንገድ ላይ እንዳገኙት ሰው። አንድ ቀን እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። «ተነሺ፣ ቀሚስሽ ይቆሽሻል» አሉኝ። ሌላ የለም።

ሥራህን ላመስግነው፤ ሳሉ ጠፍቶ ነበር። ትንፋሻቸው እስከ መጨረሻው ጥሩ ነበር። የሄዱት በልባቸው ነው ብሏል ሐኪሙ።

ፎቶ ጠይቀሃል። አንድ አለ፤ ሹፌሩ ያነሳቸው ነው፣ ከተለሰነው ግድግዳ ፊት ቆመው ይስቃሉ። ለሆስፒታልህ አይሆንም። ለራስህ ብለህ ብትጠይቀኝ እልክልሃለሁ።

ብዙ ጊዜ ይህን ደብዳቤ ጀምሬ ተውኩት። ተናደውብህ ነው የሄዱት ልበልህና የእኔን ግማሽ ተሸከምልኝ ብዬ አስቤ ነበር። ኀዘን ክፉ ያሳስባል። ግን እውነቱ እንደዚያ አይደለም። አዎ፣ ስምህን ጠርተዋል። መርቀውሃል። የመጨረሻዋ ጠዋት ላይ ነርሷን አስጠርተው፣ እኔ በር ላይ ቆሜ፣ «ልጄ የነካው ሁሉ ይባረክለት፣ እጁ አይዛል፣ ያሰበው ይሙላለት በሉልኝ» አሉ። ሳልቀንስ ልኬልሃለሁ፤ ያንተ ነው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ከወር በላይ ዓይኔን አይተውኝ አያውቁም ነበር። «እሱ እዚህ ቢኖር ኖሮ ልስኔን አያስነካሽም ነበር» አሉኝ።

«እውነትዎን ነው አባባ» አልኳቸው፤ «አያስነካኝም ነበር።»

እህትህ